ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ፦ ስለ ዳኛ፣ ስለ ባከነ ሰዓትና ስለ ተመልካች ቁጣ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ አንድ ባልደረባዬ «እግር ኳስ ደግሞ የምሁር ንግግር ያስፈልገዋል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሴ ይኸው ነው፤ የሕግና የማኅበረሰብን ግንኙነት ከሃያ ዓመታት በላይ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ ስለ ፍርድ ከልባቸው ሲከራከሩ የምሰማው በክፍል ውስጥ ሳይሆን ከግቢው በር ማዶ ባሉት የኳስ ማሳያ ቤቶች ነው። «ሆን ብሎ ነው ወይስ ሳያውቅ ነው?» ይላሉ፤ ይህ የሐሳብ ክፍል የምንለው ነው። «ኳሷ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ለማለፏ ምን ማስረጃ አለ?» ይላሉ፤ ይህ የማስረጃ ሕግ ነው። «ባለፈው ሳምንት ለእኛ ያልተሰጠ ዛሬ ለእነርሱ ለምን ተሰጠ?» ይላሉ፤ ይህም የእኩልነት ጥያቄ ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ለማየት የምመኘውን ክርክር በአግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው በነጻ ያደርጉታል። ስለዚህ ቁጣቸውን በቁም ነገር መውሰድ ከእኛ ከመምህራን የሚጠበቅ ይመስለኛል።

በቋንቋችን ልጀምር። ብዙ ቋንቋዎች በችሎት የሚቀመጠውንና በሜዳ ፊሽካ የሚነፋውን በተለያየ ስም ይጠራሉ። አማርኛ ግን ሁለቱንም «ዳኛ» ይላቸዋል። ይህ የቃላት እጥረት አይደለም። በአገራችን ዳኝነት ከሕንጻና ከካባ በፊት የነበረ ሥራ ነው። በጥንቱ የ«በላ ልበልሃ» ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ በዛፍ ጥላ ሥር፣ በአደባባይ፣ ሕዝብ እየሰማ ይሟገቱ ነበር፤ መንገደኛም ተጠርቶ «ፍረደን» ሊባል ይችል ነበር። ዳኛ ማለት በሁለት ተፋላሚዎች መካከል የቆመ፣ ለማንም ያልወገነ፣ የሰማውንና ያየውን የሚፈርድ ሰው ማለት ነው። እንግዲህ በስታዲየም የተቀመጠው ተመልካች «ዳኛ» ሲል ከዚህ ሁሉ ታሪክ ጋር ነው የሚናገረው። በተናደደ ጊዜ የሚመርጠውንም ቃል ልብ በሉ። «ተሳሳተ» አይልም፤ «ሌባ!» ይላል። ሌባ ደግሞ የሚባለው የሌላ ሰው ንብረት የወሰደ ነው። ታዲያ ተመልካቹ ምን ተወሰደብኝ ማለቱ ነው?

መልሱን ከማቅረቤ በፊት ሁለት ነገሮችን መለየት ይኖርብኛል። ተመልካቹ በአንድ ትንፋሽ ሁለት አቤቱታዎችን ያሰማል። አንደኛው የዳኛው ስሕተት ነው፤ ያልተሰጠ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ያለ አግባብ የተመዘዘ ቀይ ካርድ። ሁለተኛው የተጋጣሚው ሰዓት መግደል ነው፤ ሳይነካ የሚወድቀው አጥቂ፣ ኳሷን አቅፎ የሚተኛው ግብ ጠባቂ፣ ሲቀየር ሜዳውን በሽርሽር የሚያቋርጠው ተጫዋች። በመጀመሪያው ሕጉ አለ፤ አፈጻጸሙ ግን ተሳስቷል። በሁለተኛው ማንም አልተሳሳተም፤ ሁሉም የሚያደርገውን ያውቃል። ሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች ስለሆኑ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም።

ከስሕተቱ እንነሣ። እዚህ ላይ ለተመልካቹ ጠበቃ ብቻ ሆኜ መቆም አልችልም። እ.ኤ.አ. በ1951 የዳርትማውዝና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች ቡድኖች ባደረጉት የአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ ብዙ ሻካራ ጨዋታ ታየ። አልበርት ሃስቶርፍና ሃድሊ ካንትሪል የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የግጥሚያውን ፊልም ለሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች አሳይተው ጥፋቶችን እንዲቆጥሩ ጠየቋቸው። ውጤቱን በ1954 አሳተሙ። የፕሪንስተን ተማሪዎች በዳርትማውዝ ተጫዋቾች ላይ ያዩት ጥፋት የዳርትማውዝ ተማሪዎች ካዩት ከእጥፍ በላይ ነበር። ፊልሙ አንድ ነው፤ የታየው ግን ሁለት ጨዋታ ነው። እነዚያ ተማሪዎች ውሸታሞች አልነበሩም። ዓይን የሚያየው ልብ ከቆመበት ቦታ ሆኖ ነው። የምደግፈውን ቡድን ስም በዚህ መድረክ የማልጠቅሰውም ለዚሁ ነው፤ ብጠቅስ ከአሁን በኋላ የምናገረውን ግማሹ አዳራሽ አያምነኝም።

ይሁን እንጂ ዳኛውም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። አለን ኔቪልና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ብቃት ያላቸው 40 ዳኞች የአንድን ግጥሚያ 47 የኳስ ንጥቂያዎች በቪዲዮ እያዩ ፍርድ እንዲሰጡ አደረጉ። ግማሾቹ የተመልካቹን ጩኸት ሰሙ፤ ሌሎቹ በዝምታ አዩ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ የቆጠሩት ጥፋት ያነሰ ሆነ። ሉዊስ ጋሪካኖና ሁለት ባልደረቦቹ ደግሞ በ2005 ባሳተሙት የስፔን ሊግ ጥናት ጭማሪ ደቂቃን መረመሩ። ባለሜዳው ቡድን በአንድ ግብ ሲመራ ዳኞች ያጠረ ጭማሪ ይሰጣሉ፤ በአንድ ግብ ሲመራበት ደግሞ ያረዘሙታል። ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ውጤቱ ከተለየ በኋላ ግን አድልዎው ይጠፋል። ይህ የጉቦ ታሪክ አይደለም። ስልሳ ሺሕ ሰው ሲጮኽበት በመሃል ብቻውን የቆመ ሰው ጆሮ እንዳለው የሚያሳይ ነው። እንግዲህ «ዳኛው ለባለሜዳ ያደላል» የሚለው አሮጌ ሮሮ ሙሉ በሙሉ ቅዠት አልነበረም፤ ዘዴው ግን ሮሮ የሚያሰማው ሰው ከጠረጠረው የተለየ ነው። አድልዎው የሚመጣው ከራሱ ከተመልካቹ ጉሮሮ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው አቤቱታ፣ ወደ ሰዓት ልምጣ። የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ከ90ኛው ደቂቃ በኋላ የሚጨመረውን ጊዜ «የባከነ ሰዓት» ይሉታል። ይህ አጠራር ትክክለኛ የሕግ ትርጓሜ ነው። በጨዋታው ሕግ ሰባተኛ አንቀጽ መሠረት የሚጨመረው ጊዜ ስጦታ አይደለም፤ በተጫዋች ቅያሪ፣ በጉዳት፣ በካርድ፣ በቪዲዮ ምርመራና ሆን ተብሎ በሚደረግ መዘግየት የባከነው መመለሻ ነው። መላሹም ዳኛው ብቻ ነው። ኳስ በእውነት በእንቅስቃሴ ላይ የምትቆየው ብዙውን ጊዜ ከ60 ደቂቃ በታች ነው። ተመልካቹ የዘጠና ደቂቃ ቲኬት ገዝቶ የሚያየው ከሁለት ሦስተኛው ያነሰ ነው ማለት ነው። የቀረው በእጅ ውርወራ ዝግጅት፣ በግድግዳ ድርደራና በሐኪም ጥሪ ያልቃል።

ሰዓት መግደል ለምን ያዋጣል? ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ነው። ኳስ በማዘግየቱ ቢጫ ካርድ ያየ ግብ ጠባቂ ለቡድኑ ሦስት ደቂቃ አትርፎለት ይሆናል፤ ካርዱም ብዙ ጊዜ የሚመዘዘው አምስተኛው ወይም ስድስተኛው መዘግየት ላይ ነው። ከዚህ የበለጠ አስተማሪ የሆነው የስድስት ሰከንድ ሕግ ነው። ግብ ጠባቂ ኳስን በእጁ ከስድስት ሰከንድ በላይ መያዝ እንደሌለበት ሕጉ ለዓመታት ሲደነግግ ኖሯል። ቅጣቱ ከግቡ አፍ ላይ የሚመታ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነበር። ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ የከበደ ስለነበር ዳኞች ሊያስፈጽሙት አልደፈሩም፤ ግብ ጠባቂዎችም ይህን ስላወቁ ኳሷን አቅፈው አሥርም አሥራ አምስትም ሰከንድ ቆዩ። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 ስለ ወንጀልና ቅጣት በጻፈው መጽሐፍ ሰውን ከጥፋት የሚመልሰው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው የሚል አሳብ አቅርቦ ነበር። የስድስት ሰከንዱ ሕግ ለዚህ አሳብ በዓለም አደባባይ የታየ ማስረጃ ነው። ከብዶ ሞተ።

ከሞተ በኋላ ደግሞ አንድ ቀን ድንገት ተነሣ። በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ የሴቶች ግማሽ ፍጻሜ ካናዳ ዩናይትድ ስቴትስን 3 ለ 2 እየመራች ሳለ ዳኛዋ የካናዳን ግብ ጠባቂ ኳስ በማቆየት ቀጣቻት። ከቅጣት ምቱ የእጅ ንክኪ ተገኘ፤ ከእጅ ንክኪው ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ ጨዋታው 3 ለ 3 ሆነ፤ በተጨማሪ ሰዓትም አሜሪካውያኑ 4 ለ 3 አሸነፉ። በሕጉ ፊደል ዳኛዋ ተሳስታለች ማለት ያዳግታል። ካናዳውያን ግን በእጅጉ ተቆጡ፤ ሌላው ሁሉ ሲተላለፈው የኖረ ሕግ ለምን በእኛ ላይ ብቻ ዛሬ ይፈጸማል ማለታቸው ነው። ከዚህ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። ሁልጊዜ የማይፈጸም ሕግ በተፈጸመ ጊዜ ራሱ ግፍ ይመስላል።

ሕግ አውጪው አካል በመጨረሻ ይህን ተረዳ። በ1886 የተቋቋመው የዓለም አቀፍ እግር ኳስ ማኅበራት ቦርድ ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ ሰዓቱን ወደ ስምንት ሰከንድ ከፍ አደረገ፤ ቅጣቱን ግን ወደ ማዕዘን ምት ዝቅ አደረገ፤ ዳኛውም የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች እጁን ወደ ላይ አንሥቶ በጣቶቹ እንዲቆጥር ደነገገ። ሕጉ ቀለለ፤ ቆጠራውም በአደባባይ ሆነ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሰዓት መግደል ምን ያህል ሩቅ ሊሄድ እንደሚችል ያየነው በ1982 በስፔኗ የሂኾን ከተማ ነው። አልጄሪያ በምድቡ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን አስደምማ ነበር፤ ቺሊንም 3 ለ 2 ረታች። በማግሥቱ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ተገናኙ። ጀርመን በአንድ ወይም በሁለት ግብ ካሸነፈች ሁለቱም አልፈው አልጄሪያ እንደምትወድቅ ሁለቱም ያውቃሉ። ሆርስት ህሩቤሽ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ ግብ አስቆጠረ፤ ከዚያ በኋላ ከሰማንያ ደቂቃ የማያንስ ጊዜ ኳስን ከወዲህ ወዲያ በማንሸራሸር አለቀ። ተመልካቹ መሐረብና የገንዘብ ኖት እያውለበለበ ተቃወመ። ዳኛው ምን ያድርግ? የተጣሰ አንቀጽ አልነበረም። አልጄሪያ አቤት ብትልም ውጤቱ ጸና። ከዚያ ወዲህ ግን የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲጀመሩ ተደረገ። የተመልካች ቁጣ ጩኸት ብቻ እንዳልሆነ ይህ ምስክር ነው። በ1992 ግብ ጠባቂ ከራሱ ተጫዋች ሆን ተብሎ በእግር የተመለሰለትን ኳስ በእጁ እንዳይነካ የተከለከለውም፣ በ1990 የዓለም ዋንጫ ከታየው አሰልቺ አጨዋወት በኋላ ነው። ሕግ ብዙ ጊዜ የሚሻሻለው በተበሳጨ ሰው ገፋፊነት ነው።

«ታዲያ ቴክኖሎጂ መጣ፤ ቁጣው ለምን አልበረደም?» ትሉኝ ይሆናል። በ2010 በብሉምፎንቴይን ፍራንክ ላምፓርድ በጀርመን ላይ የመታት ኳስ የግቡን መስመር በግልጽ አልፋ ሳለ አልጸደቀችም። ከሁለት ዓመት በኋላ የግብ መስመር ቴክኖሎጂ ተፈቀደ። በዚህ ረገድ የሚነሣው ክርክር እጅግ ቀንሷል፤ ኳሷ አልፋለች ወይም አላለፈችም፤ ማሽኑ ይህን ይመልሳል። በ2018 በጨዋታው ሕግ ውስጥ የገባው የቪዲዮ ረዳት ዳኛ፣ በተለምዶ «ቫር» የምንለው፣ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የእጅ ንክኪው ሆን ተብሎ ነው ወይ፣ ግፊያው በቂ ነው ወይ የሚሉት ጥያቄዎች የዓይን ሳይሆኑ የሚዛን ጥያቄዎች ናቸው። ካሜራ ዓይንን ያበዛል፤ ሚዛንን ግን አይተካም። ከዚህም በላይ ውሳኔውን ተመልካቹ ከማያየው ክፍል ውስጥ አስገባው። ስታዲየሙ ለደቂቃዎች ይቆማል፤ ማን ምን እያየ እንደሆነ አይታወቅም፤ ከዚያ ብይን ይመጣል። በ2019 በቱኒዚያ በተካሄደው የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የመልስ ፍጻሜ ደግሞ መሣሪያው ጭራሽ አልሠራም። የሞሮኮው ዊዳድ ያስቆጠረው የአቻነት ግብ ተሰረዘበት፤ በቪዲዮ ይታይልን አሉ፤ የሚታይበት አልነበረም፤ ተጫዋቾቹ ጨዋታውን አንቀጥልም አሉ። ዋንጫው ለኤስፔራንስ ቢሰጥም ጉዳዩ እስከ ስፖርት የግልግል ፍርድ ቤት ደረሰ። ሊታይ ይገባ የነበረ ነገር ሳይታይ መቅረቱ ከስሕተት ይልቅ አቃጠላቸው።

በጥር 2022 በካሜሩን ሊምቤ የሆነውን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ማሊ ቱኒዚያን 1 ለ 0 እየመራች ሳለ ዛምቢያዊው ዳኛ ጃኒ ሲካዝዌ በ85ኛው ደቂቃ ጨዋታው አለቀ ብሎ ነፋ። ተነግሮት አስቀጠለ። ከዚያም 90ኛው ደቂቃ ሊሞላ ሰከንዶች ሲቀሩት፣ የባከነ ሰዓት ጭራሽ ሳይጨምር፣ በድጋሚ ነፋ። ቆይቶ ቡድኖቹ ተመልሰው እንዲጫወቱ ሲጠሩ ማሊ ወጣች፤ ቱኒዚያ አልወጣችም። ውጤቱም ጸና። በኋላ እንደተገለጸው ዳኛው በሙቀቱ ታሞ ነበር። ይህ ሲሰማ ብዙ ተሳዳቢ አፍሮ ዝም አለ። ቱኒዚያውያን የጠየቁት ግን ግብ አልነበረም፤ ጥቂት ደቂቃ ነበር። በእነዚያ ደቂቃዎች ምንም ላያደርጉ ይችሉ ነበር። ነገር ግን የእነርሱ ደቂቃዎች ነበሩ።

እዚህ ላይ «ሌባ» ወደሚለው ቃል ልመለስ። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላሉ። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ እፍኝ የማትሞላ የመንገድ ስንቅ ናት። ተረቱ ግን የሚያንገበግበው የኪሳራው መጠን እንዳልሆነ ይነግረናል። ሰው ተከራክሮ፣ ተሰምቶ፣ ምክንያቱ ተነግሮት በቅሎውን ቢያጣ ወደ ቤቱ ይገባል። ማንም ሳይጠይቀው ጭብጦው ከእጁ ስትወሰድ ግን እንቅልፍ ያጣል። የአሜሪካ ምሁራን ጆን ቲቦና ሎረንስ ዎከር በ1975፣ ከእነርሱም በኋላ ቶም ታይለር በ1990 ሰዎች ሕግን ለምን እንደሚያከብሩ ባሳተመው ሥራ የደረሱበት ከዚህ የራቀ አይደለም። ሰዎች ውሳኔን የሚቀበሉት ስላሸነፉ ብቻ ሳይሆን ሒደቱ ፍትሐዊ መሆኑን፣ መደመጣቸውንና መከበራቸውን ሲያምኑ ነው።

ተመልካቹ እንግዲህ የተወሰደበት ይህች ጭብጦ ናት። ሰባት ደቂቃ ባክኖ ሦስት ሲጨመር፣ አራተኛው ዳኛ ሰሌዳ አንሥቶ ቁጥር ያሳየዋል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ግን ማንም አይነግረውም። እኛ በሕግ ትምህርት ቤት ምክንያት የሌለውን ፍርድ ምን ብለን እንደምናስተምር ታውቃላችሁ።

ስለዚህ የእኔ አሳብ ይህ ነው። መፍትሔው የማይሳሳት ዳኛ መፈለግ አይደለም፤ የለምና። ሰዓቱ በእያንዳንዱ መቋረጥ ይቁም የሚለውን አሳብ የጨዋታው ሕግ አውጪዎች በ2017 ለውይይት አቅርበውት ነበር። ለትልልቅ ሊጎች ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን የእግር ኳስ ውበት በዌምብሌይም ሆነ በእኛ ሰፈር አቧራማ ሜዳ ሕጉ አንድ መሆኑ ነው፤ የሰፈሩ ሜዳ ደግሞ ሰዓት የሚያቆም ባለሙያ የለውም። የሚሻለው ውሳኔን ማሳየትና ምክንያትን መናገር ነው። ይህ ደግሞ ተሞክሮ የሠራ መንገድ ነው። በ1966 በዌምብሌይ እንግሊዝና አርጀንቲና ሲጫወቱ ጀርመናዊው ዳኛ የአርጀንቲናውን አምበል ራቲንን ሲያስወጣው ሁለቱ በቋንቋ አልተግባቡም፤ ተጫዋቹም ለደቂቃዎች አልወጣም አለ። እንግሊዛዊው ዳኛ ኬን አስተን ከዚህ ተነሥቶ የትራፊክ መብራትን አይቶ ቢጫና ቀይ ካርድን አሰበ፤ በ1970 የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋለ። ካርዱ ፍርዱን ትክክለኛ አላደረገውም፤ የሚታይ አደረገው። በ2023 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ዳኞች ከቪዲዮ ምርመራ በኋላ ውሳኔያቸውን በድምፅ ማጉያ ለስታዲየሙ ሲናገሩ ሰማን። የስምንት ሰከንዱ የጣት ቆጠራም ከዚሁ ወገን ነው። ቀጣዩ እርምጃ፣ በእኔ እምነት፣ ጭማሪ ደቂቃ ከነዝርዝሩ መነገሩ ነው፦ ለጉዳት ሦስት፣ ለቅያሪ ሁለት፣ ሆን ተብሎ ለተገደለ ሰዓት ሁለት። ሰዓት ገዳዩ የገደለው ሰዓት በስሙ ተመዝግቦ ሲመለስ ሥራው ዋጋ ያጣል። በአንድ ዳኛና በአንድ ፊሽካ ለሚመራ የሰፈር ጨዋታም ይህ ከባድ አይደለም፤ ለሁለቱ አምበሎች በቃል መንገር ይበቃል።

ይህን ሁሉ ስል ለተመልካቹም የምለው አለኝ። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በዳኛ ላይ በተፈጸመ ጥቃት የተነሣ ለጊዜው መቋረጡን አትዘንጉ። ያለ ፍርድ ተበደልኩ የሚል ሰው ዳኛውን ያለ ፍርድ ሲደበድብ ከሰዓት ገዳዩ በምን ይሻላል? የእናንተ ዓይን የፕሪንስተን ተማሪዎች ዓይን እንደሆነ አስታውሱ። ከዚህች አገር እንደ በአምላክ ተሰማ ያለ፣ ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ የተመረጠ ዳኛ ወጥቷል። እርሱም አንድ ቀን በሆነ ሜዳ ላይ ጀማሪ ነበር። ዛሬ በሰፈር ሜዳ ፊሽካ ይዞ የቆመውን ወጣት «ሌባ» እያልን ካባረርነው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ጥሩ ዳኛ የለንም ብለን የምናማርረው እኛው ነን።

ውድ ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል ጥቂቶቻችሁ በእውነተኛው ችሎት ትቀመጣላችሁ። ፊት ለፊታችሁ የሚቆመው ባለጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚያጣው በቅሎ ሳይሆን ጭብጦ ይሆናል፤ አንድ የተራዘመ ቀጠሮ፣ አንድ ያልተነበበ ማመልከቻ፣ አንድ ምክንያት ያልተጻፈበት ትእዛዝ። በቀጠሮ ብዛት ባላጋራውን የሚያደክም ተከራካሪ ከተኛው ግብ ጠባቂ የሚለየው ሜዳው ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሰዓቱን የምትይዙት እናንተ ናችሁ። የባከነውን ቁጠሩ፤ ስትመልሱም ምክንያቱን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

አሁን መድረኩ ለጥያቄ ክፍት ነው፤ ሰዓትም አልገድልም።